የክረምቱ ወርና የግብሩ ወር፦ የመንግሥት ገንዘብና መሠረተ ልማት በደቡብ ጎንደር ንግድ ላይ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ወረታ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በፎገራ ሜዳ አድርጎ ወደ አዲስ ዘመንና ጎንደር ይቀጥላል። ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በአለም በር በኩል ዳገቱን ይያያዛል፤ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ የጉናን ግርጌ ተከትሎ፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ጋሸናና ወልድያ ይዘልቃል። በዚህ መገንጠያ በኩል ከቆላው ሩዝ ይወጣል፣ ከደጋው ድንችና ገብስ ይወርዳል፤ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶ፣ ጨውና ስኳር ወደ ላይ ይጫናል።

በዚህ መስመር ላይ የሚነግድ ሰው በዓመት ሁለት ዓይነት ክፍያ ይከፍላል። አንደኛው ደረሰኝ ያለው ነው፦ የንግድ ትርፍ ግብር፣ የሽያጭ ታክስ፣ የንግድ ፈቃድ ዕድሳት፣ የማዘጋጃ ቤት ኪራይና የአገልግሎት ክፍያ። ሁለተኛው ደረሰኝ የለውም። ጭቃ ውስጥ የዋለ መኪና፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት የተቃጠለ ናፍጣ፣ መንገድ ላይ የበሰበሰ ድንች፣ በኮረኮንች የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ፣ ውኃ በጠፋበት ሰሞን በጀሪካን የተገዛ ውኃ ሁሉ ከነጋዴው ኪስ የሚወጡ ናቸው፤ ወደ ማንም ካዝና ግን አይገቡም። ስለ ግብር በሚደረገው ውይይት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የመጀመሪያው ክፍያ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሁለተኛው የሚበዛው የመጀመሪያው በአግባቡ ሳይሰበሰብ ወይም ተሰብስቦ በአግባቡ ሳይውል ሲቀር በመሆኑ፣ የሁለቱን ግንኙነት ለይቶ ማየት ለግብር ከፋዩም ለአስተዳደሩም ይጠቅማል።

የወረታን የሩዝ ንግድ ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የፎገራ ሜዳ ቀድሞ የሚታወቀው በከብቱ ነበር፤ በክረምት ውኃ የሚተኛበት መሬት ስለሆነ ለብዙ ሰብል አይመችም። ሩዝ ወደ አካባቢው የገባው በደርግ ዘመን በኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነትና በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ሲሆን፣ «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ እስከ ዛሬ የአካባቢውን ስም ይዞ ይኖራል። ውኃ የሚተኛበት ሜዳ የሚፈለግ መሬት ሆነ፤ በወረታና በአካባቢዋ መንገድ ዳር የሩዝ መፈልፈያዎች ተተከሉ፤ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ መጋገሩም ገበያውን አሰፋው። ይህ ሁሉ ግን በኤሌክትሪክ ላይ የቆመ ነው።

መፈልፈያ የተከለ ሰው ኃይል ሲቋረጥ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ያቆማል ወይ ጀኔሬተር ያስነሣል። ቢያቆም ገበሬው ጭኖት የመጣውን ሩዝ ግቢ አስቀምጦ ያድራል፤ የቀን ሠራተኛው ሳይሠራ ይውላል። ጀኔሬተር ቢያስነሣ የናፍጣው ዋጋ በትርፉ ላይ ይመጣል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የተርን ኦቨር ታክስ አዋጅ ለእህል ወፍጮ የጣለው 2 ከመቶ ብቻ ነበር፤ ለሌሎች አብዛኞቹ አገልግሎቶች ግን 10 ከመቶ። ሕጉ ወፍጮን ለይቶ ያቀለለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ወፍጮ የዕለት ጉርስ ነው። ሆኖም ከ100 ብር ገቢ 2 ብር ታክስ የሚከፍል ባለ ወፍጮ፣ መብራት በጠፋ ሰሞን ከዚያው 100 ብር ላይ 10 ብር ለናፍጣ ጨመረ ቢባል፣ የኃይል መቋረጡ ከታክሱ አምስት እጥፍ ወስዶበታል። የታክስ ምጣኔን ዝቅ ማድረግ ብቻውን ንግድን የማያነቃቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ነጋዴው ይህን አቤቱታ የሚያቀርብበት መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነም ብዙ ጊዜ ግራ ያጋባል። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፍሏል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ ቮልቴጅም ያስተላልፋል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ እስከ ደንበኛው ቆጣሪ ድረስ ያከፋፍላል። የሰፈር ትራንስፎርመር የተቃጠለበት ወይም አዲስ ቆጣሪ የሚፈልግ ነጋዴ የሚሄደው ወደ ሁለተኛው ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያ ኃይል ወረታ መፈልፈያ ቤት ውስጥ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ማከፋፈያ ጣቢያው፣ ምሰሶው፣ ሽቦውና ትራንስፎርመሩ ሲችሉት ብቻ ነው። ዜጎች ቦንድ ገዝተው የገነቡት ግድብ ጥቅም ወደ ንግድ ቤት የሚደርሰው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ነውና፣ የማከፋፈያው ሥራ ከማመንጫው እኩል ትኩረት ሊያገኝ ይገባል።

ወደ ደጋው ሲወጣ ነገሩ ከኤሌክትሪክ ይልቅ የመንገድ ይሆናል። በፋርጣና በጉና ዙሪያ ድንች የሚያመርተው ገበሬ ዕቃው አይጠብቅለትም። ገብስ ጎተራ ገብቶ ዋጋ እስኪወጣ ሊቆይ ይችላል፤ ድንች አይችልም። የአይሱዙ ባለቤት ወደ ቀበሌው ለመግባት የሚጠይቀው ዋጋ በርቀቱ ብቻ አይተመንም፤ መኪናው ሳይሰበርና ሳይሰነብት የመመለሱ ነገርም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከአስፋልቱ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ማሳ መንገዱ ክፉ ከሆነ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ እንደራቀ ይቆጠራል። ገበሬው ድንቹን በአህያ ጭኖ አስፋልት ዳር ሲያወርድ፣ ወደ ቤት ይዞት እንደማይመለስ ገዢው ያውቃል፤ ዋጋውን የሚወስነውም ይኸው ነው።

በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲነደፍ የአገሪቱ የመንገድ ርዝመት በጠቅላላው 26,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ የማገናኘት ዓላማ ያለው፣ «ዩራፕ» እየተባለ የሚጠራው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ሥራ ላይ ዋለ። በደቡብ ጎንደር ተራሮች ላይ የታዩት ብዙዎቹ የቀበሌ መንገዶች የዚህ ፕሮግራም ፍሬ ናቸው። ችግሩ የጠጠር መንገድ በዚያ ቁልቁለትና በዚያ ዝናብ የሚቆይበት ዕድሜ አጭር መሆኑ ነው። የውኃ መውረጃው ቦይ አንድ ክረምት ሳይጠረግ ቢቀር፣ ጎርፉ መንገዱን ቦይ ያደርገዋል። መንገዱን የሠራው ገንዘብ የካፒታል በጀት ሆኖ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ቦዩን የሚያስጠርገው ገንዘብ ግን በየዓመቱ ከወረዳ መደበኛ በጀት ወይም ከመንገድ ፈንድ ድርሻ መገኘት አለበት። አዲስ መንገድ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፤ ለተጠረገ ቦይ ግን ሪባን የሚቆርጥ የለም።

መንገድና ገንዘብ በዚህ አካባቢ የቆየ ታሪክ አላቸው። ከአዲስ ዘመን አቅራቢያ የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሞሌ ጨው የሚገላበጥባት የታወቀች ገበያ ነበረች። ወደዚያ የሚወርደው ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ ኬላው የባላባቱ ገቢ እንጂ የመንገዱ መጠገኛ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ፣ በጨጨሆና በዋድላ አድርገው የጅጣንና የበሽሎን ገደል እየናዱ መንገድ አስቀደዱ፤ ራሳቸውም ድንጋይ ያነሡ ነበር። ያን የሚያህል የመንገድ ሥራ በዚያ ዘመን የተከናወነው ለመድፍ እንጂ ለገበያ አልነበረም። የዛሬው የወረታ - ወልድያ መንገድ በከፊል ያንኑ አቅጣጫ ይከተላል፤ በደርግ ዘመን በቻይና ድጋፍ የተሠራ በመሆኑ ብዙ ሰው አሁንም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። የአካባቢው ንግድ ከወሎ ጋር፣ በሚሌ በኩልም ከጅቡቲ ጋር በአንድ መስመር የተያያዘው በእርሱ ነው።

ይህም ወረታ ላይ ለተገነባው ደረቅ ወደብ ትርጉም ይሰጠዋል። ደረቅ ወደብ ማለት አስመጪው ዕቃውን ከባሕር በር ሳይሆን ከአቅራቢያው የሚረከብበት፣ የጉምሩክ ሥርዓቱንም እዚያው የሚፈጽምበት ቦታ ነው። ነገር ግን የወደቡ ጥቅም ከግቢው አጥር ውጭ ባለው ነገር ይለካል፤ ማለትም ኮንቴይነር የጫነ መኪና በጋይንትና በጋሸና ዳገት በስንት ቀን፣ በስንት ወጪና በምን ዋስትና ይደርሳል በሚለው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ጋይንት በደረሰ ጊዜ መስመሩ ተቆርጧል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተፈጠረው የጸጥታ መደፍረስም የጭነት እንቅስቃሴን በተደጋጋሚ አስተጓጉሏል። ባለ መኪና አደጋውን በጭነት ዋጋው ላይ ይጨምራል፤ ነጋዴው በሸቀጡ ላይ ይጨምራል፤ መጨረሻ ላይ የሚከፍለው የደብረ ታቦር ሸማች ነው። ሰላም የበጀት ርዕስ ባይሆንም ለንግድ ከመሠረተ ልማት ሁሉ የሚቀድም ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚከፍለው ማን ነው? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 መሠረት የጉምሩክ ቀረጥና በገቢና ወጪ ዕቃዎች ላይ የሚጣሉ ታክሶች የፌዴራል መንግሥት ናቸው። በአንቀጽ 97 በክልሉ ውስጥ የሚነግዱ ግለሰብ ነጋዴዎች የሚከፍሉት የትርፍ ግብርና የሽያጭ ታክስ፣ እንዲሁም የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ የክልሉ ነው። የኩባንያዎች ትርፍ ግብር በአንቀጽ 98 የጋራ ገቢ ነው። በሌላ አነጋገር የደብረ ታቦር ሱቅ ባለቤት በስሙ የሚከፍለው የትርፍ ግብር ወደ ክልሉ ይገባል፤ ያው ሰው የሚሸጠው ከውጭ የመጣ ሸቀጥ ያስከፈለው ቀረጥ ግን ቀድሞውኑ ወደ ፌዴራል ገብቷል። ትልልቆቹ ገቢዎች ከወደብና ከትልልቅ ድርጅቶች የሚሰበሰቡ በመሆናቸው ሚዛኑ ወደ ማዕከል ያዘነብላል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር መሠረትም ለክልሎች የጥቅል ድጋፍ ይመለሳል።

በ2017 በጀት ዓመት መጀመሪያ የጸደቀው የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ 451.3 ቢሊዮን ለመደበኛ ወጪ፣ 283.2 ቢሊዮን ለካፒታል ወጪ፣ 222.7 ቢሊዮን ለክልሎች ድጋፍ፣ 14 ቢሊዮን ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ተመደበ። ለክልሎች የተመደበው ከጠቅላላው ከአራት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ክልሉ የደረሰውን ከራሱ ገቢ ጋር አዳምሮ ለዞኖችና ለወረዳዎች ያከፋፍላል፤ ወረዳው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ የመምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የግብርና ሠራተኞች ደመወዝ አብዛኛውን ይወስደዋል። ደመወዙ ተገቢ ወጪ ነው፤ አስተማሪ የሌለው ትምህርት ቤት ግድግዳ ብቻ ነውና። ነጋዴው «የከፈልኩት ግብር የት ገባ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ከሐቀኞቹ መልሶች አንዱ ይኸው ነው፦ በብዛት ደመወዝ ሆኗል፤ መንገድ የሆነው ጥቂቱ ነው።

ከመጠኑ ይልቅ ብዙም የማይነገርለት ችግር ግን የጊዜ ችግር ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ሐምሌ በደቡብ ጎንደር ምን ዓይነት ወር እንደሆነ ለአካባቢው ሰው መንገር አያስፈልግም። ጉና በጉም ይሸፈናል፤ ርብና ጉማራ ይሞላሉ፤ ፎገራ ላይ ውኃው ይተኛል። ጎተራው የጎደለበት፣ አዲሱ እህል ገና በማሳ ያለበት ወር ነው። ገበሬው ገንዘብ ስለሌለው ገበያ አይወጣም፤ ቢወጣም ጨውና ጋዝ ገዝቶ ይመለሳል። የደብረ ታቦር ልብስ ነጋዴ ከዓመቱ የቀዘቀዘ ሽያጭ የሚያስመዘግበው በዚህ ጊዜ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500 ሺህ ብር በታች የሆኑትን ነጋዴዎች በደረጃ «ሐ» የመደበ ሲሆን፣ እነዚህ ትንንሽ ነጋዴዎች ለዓመታት ግብራቸውን እንዲከፍሉ የተደረገው በዚሁ በሐምሌ ወር ውስጥ ነው። የሒሳብ መዝገብ የሚይዙት የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ግን እስከ ጥቅምት 30 ቀን ጊዜ ነበራቸው። ከሁሉ ያነሰ ጥሪት ያለው ነጋዴ ከሁሉ ቀድሞ፣ በጥሬ ገንዘብ እጥረት ወር ይከፍል ነበር ማለት ነው። ብዙዎች ግብሩን የሚከፍሉት ከትርፋቸው ሳይሆን ለመስከረም ገበያ ዕቃ ሊያመጡበት ካሰቡት መነሻ ወይም ከዘመድ ብድር ነው።

የሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት በአገሪቱ በተለያዩ ከተሞች ያስነሣው ቅሬታም በከፊል ከዚህ የመነጨ ነው። መዝገብ የሌለው ነጋዴ የዕለት ሽያጩ በግምት ሲወሰን፣ ገማቹ ያየው የገበያውን ቀን ነው ወይስ የክረምቱን ቀን? በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ገበያ በሚቆምበት ከተማ የገበያው ቀን ሽያጭ ለሰባት ቀን ቢባዛ ሰውየው የማያውቀው ሀብታም ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. የተደረገው የገቢ ግብር ማሻሻያ ደረጃዎቹን ወደ ሁለት ዝቅ አድርጎ መለያውን ወሰን ወደ 2 ሚሊዮን ብር ከፍ ማድረጉ፣ እንዲሁም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ የመመዝገቢያውን ወሰን ከ1 ሚሊዮን ወደ 2 ሚሊዮን ብር ማሳደጉ ለትንንሾቹ እፎይታ ነው። የዋጋ ንረቱ ሲታሰብ ግን ወሰኑ የተሻገረው ወደ አዲስ ቦታ ሳይሆን በከፊል ቀድሞ ወደነበረበት ነው።

ያው ሐምሌ ለመንገድ ሥራም አይመችም። በጀቱ ሲጸድቅ ዝናብ ነው፤ ግሬደርና ሮለር አይንቀሳቀስም፣ ገረጋንቲ ጭኖ ዳገት የሚወጣ መኪና የለም። ጨረታው በመስከረምና በጥቅምት ይወጣል፤ ግምገማውና ውሉ ወራት ይወስዳል፤ ሥራ ተቋራጩ መሣሪያውን ወደ ቦታው ሲያደርስ የበጋው እኩሌታ አልፏል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሩጫው ይጀመራል፤ ሰኔ ላይ ያልተጠቀሙበት በጀት ተመላሽ እንዳይሆን ክፍያው ይጣደፋል፤ በጥድፊያ የተደለደለው ጠጠርም ሳይጠበጠብ የሐምሌ ዝናብ ይወርድበታል። በዚህ ምክንያት ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ውሎ እንኳ መንገዱ ክረምቱን ላይሻገር ይችላል። ለደጋማ ወረዳዎች ጨረታውን በክረምቱ ውስጥ አጠናቅቆ ጥቅምት ላይ ሥራ መጀመር ከተጨማሪ በጀት የማይተናነስ ጥቅም አለው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ጥገናን በሚመለከት ኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የመንገድ ፈንድን ያቋቋመችው፣ ነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ክፍያ መንገድ ተጠቃሚው ራሱ ጥገናውን እንዲሸፍን ነው። ተመሳሳይ ፈንዶች በዚያው ዘመን በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተቋቁመዋል። መነሻው የዓለም ባንክ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዓለም ልማት ሪፖርት የተጠቀሰው ዓይነት ስሌት ነበር፦ በጊዜው 12 ቢሊዮን ዶላር ለጥገና ቢወጣ ኖሮ በአፍሪካ በአሥር ዓመት ውስጥ ለመንገድ መልሶ ግንባታ የሚያስፈልገውን 45 ቢሊዮን ዶላር ማዳን ይቻል ነበር። ነዳጅ የሚሞላ የባጃጅ አሽከርካሪም ሳያውቀው ለዚህ ይከፍላል። የጅቡቲው መንገድም የቀበሌው መንገድም ከዚያው ፈንድ ሲጠብቁ፣ ብዙ መኪና የሚመላለስበት ዋና መንገድ ቅድሚያ ማግኘቱ አይገርምም። የድንቹ መንገድ ግን ዋና መንገድ አይደለም።

አንዱ ግንባታ ሌላውን ካልተከተለ ምን እንደሚሆን ለማየት ርብ ቅርብ ነው። የርብ ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝና 20 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የታቀደ ሲሆን፣ ከታሰበለት ጊዜ በብዙ ዓመታት ዘግይቶ ተጠናቀቀ፤ የመስኖ አውታሩ ደግሞ ከግድቡ ኋላ ቀረ። ለፎገራ መፈልፈያ ባለቤት ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሩዙ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ከታጨደ ማሽኑ ከኅዳር በኋላ ጥቂት ወራት ሠርቶ ቀሪውን ጊዜ ቆሞ ይከርማል፤ የባንክ ወለዱ ግን አይቆምም። በበጋ ውኃ የሚያገኝ ማሳ ማለት በበጋም የሚሠራ ማሽን ማለት ነው።

ስለ ባንክ ሲነሣ፣ የመንግሥት ገንዘብ ንግድን የሚነካበት ሌላው መንገድ ይህ ነው። በ2007 ዓ.ም. አካባቢ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 12 ከመቶ በላይ የነበረው የታክስ ገቢ በ2016 ዓ.ም. ወደ 7 ከመቶ ገደማ ዝቅ ብሏል። ዓለም አቀፍ ተቋማት ለመሠረታዊ አገልግሎት ያስፈልጋል የሚሉት ቢያንስ 15 ከመቶ ነው። ጉድለቱ በብድር ይሸፈናል። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ ሲበደር የዋጋ ንረት ይመጣል፤ ከንግድ ባንኮች ሲበደር ለነጋዴው የሚቀረው ብድር ያንሳል። በ2015 ዓ.ም. ባንኮች ከሚያበድሩት 20 ከመቶ ያህሉን በመንግሥት ቦንድ እንዲያውሉ የታዘዘበትና በነሐሴ ወር የብድር ዕድገታቸው በ14 ከመቶ የተገደበበት ጊዜ ለዚህ ምስክር ነው። ገደቡ የዋጋ ንረትን ለመግታት የወጣ ሲሆን በኋላ ወደ 18፣ ከዚያም ወደ 24 ከመቶ ላልቷል። የውጭው ብድርም ቢሆን ተመላሽ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የ1 ቢሊዮን ዶላሩ የዩሮ ቦንድ ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳይከፈል መቅረቱ ይታወሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ መለዋወጫ፣ ጎማና ናፍጣ በብር ተወደዱ። ለአገር ውስጡ ሩዝ ግን ከውጭ የሚገባው ተፎካካሪው መወደዱ ዕድል ነው፤ ወረታ ያን ዕድል የምትጠቀምበት ኃይሉና መንገዱ ከፈቀደላት ነው።

ከተሞቹ ከሁሉም ይልቅ የጠበበ ኪስ አላቸው። የደብረ ታቦር ማዘጋጃ ቤት የሚጠየቀው ለዕለት ኑሮ የሚቀርበውን ነው፦ የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን፣ የጎርፍ ማፋሰሻ፣ የገበያ ማዕከል፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ የመንገድ መብራት። ለእነዚህ የማዘጋጃ ቤት ሥራዎች ገንዘቡ የሚገኘው በዋነኛነት ከራሱ ከከተማው ገቢ፣ ማለትም ከመሬት ሊዝ፣ ከኪራይና ከአገልግሎት ክፍያ ነው። 117 ከተሞችን የያዘው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ማስፋፊያ ፕሮግራም ድጋፉን ከአፈጻጸም ጋር ማያያዙና ከተሞቹም የራሳቸውን ድርሻ እንዲያዋጡ መጠየቁ ለዚህ ነው። ሊዝ አንድ ጊዜ የሚሸጥ መሬት ገንዘብ በመሆኑ በየዓመቱ የሚመጣ ጥገና ሊቆምበት አይችልም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ክፍተቱን ሊሞላ ይችላል፤ ግን የቤት ባለቤቱ የከፈለውን በደጃፉ ቦይ ላይ ካላየው እንደ ቀድሞው ኬላ ይቆጥረዋል።

ከከተሞቹ ውጭ ያለው ደግሞ ያንን ኪስ እንኳ የለውም። በጉማራ ወንዝ ዳር ወደሚገኘው የወንዛዬ ፍል ውኃ ፈውስ ፈላጊ ከየአገሩ ይመጣል፤ አንዳንዱ ለቀናት ይሰነብታል። የሚያድርበት፣ የሚበላበት፣ የሚጠጣው ንጹሕ ውኃና የሚጸዳዳበት ቦታ ይፈልጋል። ለእንግዳው አልጋ የሚያከራየው፣ እንጀራ የሚሸጠውና በፈረስ ወይም በባጃጅ የሚያደርሰው ሁሉ ነጋዴ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ ውኃ ማለት የጤና አገልግሎት ብቻ ሳይሆን የንግድ መደላድል ነው፤ ወጪው ከአንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት በብዙ ያንሳል፤ በጀት ሲደለደል ግን መንገድም ፋብሪካም ስላልሆነ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ዝርዝር ላይ ሳይገባ ሊያልፍ ይችላል።

ጉዳይ ያለው ዜጋ ከዚህ ሁሉ ውስጥ በእጁ የሚይዛቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። የግብር ውሳኔ የተጋነነበት ነጋዴ በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የውሳኔው ማስታወቂያ በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል፤ በቅሬታው ላይ በተሰጠው ውሳኔ ካልረካ በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ሰሚ አካል ይሄዳል፤ ለዚህ ግን አከራካሪ ከሆነው ግብር ግማሹን ማስያዝ ይጠበቅበታል። በክልል ደረጃ የሚከፈል ግብር በክልሉ ሕግ የሚመራ በመሆኑ፣ ቀኑንና የሚያዘውን መጠን ገቢዎች ጽሕፈት ቤት በሰጠው ማስታወቂያ ላይ አይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ጊዜው ያለፈበት ቅሬታ ፍሬ ነገሩ ትክክል ቢሆን እንኳ የማይሰማበት ዕድል ሰፊ ነውና፣ ማስታወቂያው የደረሰበትን ቀን መዝግቦ መያዝ ደረሰኝ ከመያዝ አይተናነስም። የዕለት ሽያጭ በማስታወሻ ደብተር ተመዝግቦ ቢገኝ ደግሞ ገማቹ ከገበያው ቀን ብቻ እንዳይነሣ ይረዳል።

ዋናውን አስፋልት የሚመለከት ጥያቄ ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ ወረዳን ከወረዳ የሚያገናኝ የክልል መንገድ ለክልሉ የመንገድ ቢሮ፣ የቀበሌ መንገድ ለወረዳው አስተዳደር፣ የሰፈር ቦይ ለማዘጋጃ ቤቱ ይቀርባል። ወረዳዎች በጀታቸውን በሕዝብ መተላለፊያ ቦታ በሰሌዳ እንዲለጥፉ በፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት አሠራር ተደንግጓል፤ ሰሌዳው ላይ «ጥገና» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት የተጻፈውን ቁጥር ማየት ለማንም የተፈቀደ ነው። የበጀት ውይይቱ የሚካሄደው ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት፣ አዲሱ ዓመት ሐምሌ ላይ ከመከፈቱ ቀደም ብሎ በመሆኑ፣ የተሰበረ ቱቦ ጥያቄ ለዚያ ውይይት ካልደረሰ የሚጠብቀው ሌላ ክረምት ነው።